ኮት ፈልጌ የጫማ ዋጋ ስጠይቅ

ስልኩን ይዛ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው።

ዛሬ ጅግጅጋ ሰልባጅ ተራ ዓይኔን ጥዬበት የከረምኩትን ግራጫ ኮት ገዛሁ። እሑድ ልጄን የምድረው እሱን ለብሼ ነው።

የፈለጉትን ዕቃ ዋጋ ወዲያው መጠየቅ የጅል ሥራ ነው። እኔ በሄድኩ ቁጥር የኮቱን እጅጌ ዳሰስ አድርጌ የምጠይቀው የጫማ ዋጋ ነበር።

ዛሬ ብሄድ ኮቱ ከተሰቀለበት የለም። ክው አልኩ።

ሆዳን የምትባለው ሻጭ ከልብስ ቦንዳው ሥር መዘዝ አድርጋ አወጣችው። «አደር፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድብዎት ደብቄው ነው» አለችኝ፤ አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። «ሲጠይቁኝ የከረሙት እኮ የሴት ጫማ ነው።»

ቢሆንም በርካሽ ነው የገዛሁት።

እናንተስ፣ ሻጭ ነቅቶባችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።

በይ ሜሮን፣ አሁን አንብቢልኝ። ጫማው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ አያትሽ ትሰማለች።