በእኛ መልስ የተቆጠሩ ልጆች

ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንዲት ወጣት መጠይቅ ይዛ እንጅባራ ወዳለው ቤቴ መጣች። ጥቁር ልብሴን አይታ በመጀመሪያ አጽናናችኝ። ማጽናናቷን አልወደድኩትም፤ ሰው እንዲያ ለስልሶ የሚገባው አንድ ነገር ሊወስድ ሲፈልግ ነው ብዬ አሰብኩ። ስም እንደማይጻፍ ነገረችኝ፤ እኔ ግን የቤቴን ቁጥር ስትጽፍ አይቻለሁ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ባሕር ማዶ ናት አልኳት። ከዚያ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣

«ልጅዎ ተገርዛለች?» አለች።

«አልተገረዘችም።»

ግርዛት እንደሚያስቀጣ በቀበሌ ስብሰባ ስንሰማ ኖረናል። ጠያቂዋን ደግሞ ማን እንደላካት አላውቅም።

እሷ ስትወጣ ጎረቤቴ በቀርከሃው አጥር በኩል ብቅ አለች። ወጣቷ ከእኔ በፊት እሷ ጋ ገብታ ነበርና ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ የሰጠችው መልስ ከእኔው ጋር አንድ ነው።

«በይ እንግዲህ፣» አለችኝ እየሳቀች፣ «ሰፈራችን በአንድ ጠዋት ንጹሕ ሆነልሽ።»

ከሐዘኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው መሰለኝ።

እውነቱ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የምትገረዘው በተወለደች በስምንተኛ ቀኗ ገደማ ነበር። ስታድግ ምኑንም አታስታውስም፤ የምታውቀው የነገሯትን ብቻ ነው። ባለቤቴ አይሆንም ብሎ ነበር። እህል ሊገዛ ጫግኒ በወረደበት ቀን ግን ገራዧን አስጠራሁ። ያልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፣ ባልም አያገባት ሲሉ እየሰማሁ አድጌ፣ ፈርቼ ነው። ሲመለስ ሕፃኗን አቀፋት፤ አለቃቀሷ ነገረው። አልተቆጣም። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ከዚያ፣ ስታድግ አንቺው ትነግሪያታለሽ አለኝ። እኔ የነገርኳት አባቷ እንደከለከለ ነው። መከልከሉ እውነት ነው፤ የቀረውን ዋጥኩት።

ባለፈው ክረምት ልጄ ደወለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እዚያ ያለችው አዋላጅ ስለ ግርዛት እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ምን አገባቸው፣ ወልደሽ ልጅሽን ሊቀሙሽ ይሆናል አልኳት። የለም አለች፤ ከየአገሩ ከመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ስንቱ እንደተገረዙ መገመት ይፈልጋሉ፣ ሐኪም ለማዘጋጀት፣ የሚወለዱትንም ሴቶች ልጆች ከግርዛት ለመጠበቅ። ታዲያ ስንት እንደሆናችሁ በምን ያውቃሉ ብዬ አፋጠጥኳት።

«ሁላችንንም አይጠይቁንም፣ እማዬ። አገር ቤት ከመቶው ስንቷ እንደተገረዘች እናንተን ይጠይቃሉ፤ ያንን ይዘው እኛን ያሰላሉ።»

የዚያች ወጣት ወረቀት ትዝ አለኝ። እኔ በአንድ ቃል፣ ጎረቤቴም በሳቅ የሰጠነው መልስ እስከዚያ ድረስ ሄዶ ይሆን?

የተገረዘች ሴት ምጥ ሊከብዳት ስለሚችል አስቀድመው ይዘጋጁላታል አለችኝ። እሷ ግን አዋላጇን አልተገረዝኩም ብላታለች። «አባዬ ከልክሎ የለ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የእሱ ጋቢ አሁንም በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

«ከልክሎ ነበር። እሱ ጫግኒ ሲወርድ እኔ አስገረዝኩሽ።»

ምነው ኔትወርኩ በሆነ አልኩ። ትንፋሿ ግን ይሰማኛል።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«እንድነግርሽ አዞኝ ነበር።»

ነገ ሄዳ መልሷን እንደምታስተካክል ነገረችኝና ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ልጆቿ ሁለቱም ዐረብ አገር ናቸው፤ ታላቂቱ እዚያው አግብታ ፀንሳለች። አጥሩን ያዝ አደረገች።

«የእኔዎቹም አያውቁም፣» አለች። ቀጥላም፣ «ስልክሽ ካርድ አለው?»

ለማን ልታወራብኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያ ፀንሳ ያለችው ልጇ ትዝ አለችኝና ስልኩን በቀርከሃው መሀል አቀበልኳት።