ቤንዚኗን ለፀሐይ ያሳየችው ሴት

አርብ ገበያ ከተማ ላይ ቤንዚን የሚሸጡ ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው። ጠርሙሱን ከመስጠታቸው በፊት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ለገዢው ያሳያሉ። ባለፈው ሳምንት ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ጄኔሬተር ልገዛ ስሄድ አንዷ ሻጭ እንዲሁ አደረገች። ብርሃኑ በላስቲኩ ውስጥ አልፎ ጉንጯ ላይ ቢጫ ሆኖ አረፈ። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ግን እኔ አርብ ገበያ አልነበርኩም። ንፋስ መውጫ፣ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ።

ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ይማር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ በትልቅ ካርቶን ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን ይዞ መጣ፤ ተመርቆ የሄደ ጓደኛው የተወለት ነው። ክንፉ ከአልጋዬ ስፋት ይበልጣል። አፍንጫው ላይ ቡጢ የምታህል የቤንዚን ሞተር አለች። በሪሞት ነው የሚበረው። ዛሬ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ማብረር ቀርቶ በካርቶን ይዞ መንገድ መውጣትም አይታሰብም። ያን ጊዜ ሰው ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር እንጂ ወደ ቤት አይገባም ነበር።

አሠራሩን ላስረዳ፤ መምህር ነኝና አያስችለኝም። ሞተሯ ቤንዚን ብቻ አትጠጣም፤ ጥቂት የሞተር ዘይት ይቀላቀልበታል። ካርቡሬተሯ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንደኛው በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ጉልበት ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ ሁለተኛው ደግሞ በሙሉ ጉልበት ሲሮጥ፣ ከአየሩ ጋር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚገባ ይወስናሉ። ቤንዚን ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል። ካነሰ ደግሞ ይግልና ይጎዳል። ወንድሜ ፕሮፔለሩን በእንጨት እየመታ ያስነሣል፤ እኔ እንዳይሮጥ ጅራቱን ጭብጥ አድርጌ እይዛለሁ።

ባሕር ዳር ላይ ያለ ችግር ይሠራ የነበረው ሞተር እኛ ዘንድ እምቢ አለ። ይነሣል፣ ያስላል፣ ጭስ ይተፋል፤ ጉልበት ሲሰጠው ይንተከተክና ይጠፋል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲፈታ ርጥብ ነው።

«ብሎኑን ለምን አትሞክረውም?» አልኩት።

«እንዳትነካው ተብያለሁ። ጓደኛዬ ራሱ ነው ያስተካከለው።»

በጓደኛው እጅ ላይ ጥርጥር አልነበረውም። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ዞረ፤ ውሃ ተቀላቅሎበት ይሆናል አለ።

ቤንዚኑን የምንገዛው ከሰፈራችን ሴት ነበር። ባሏ ሞቶባት፣ በሃይላንድ እየሞላች በሯ ላይ ደርድራ ትሸጣለች። ማደያው ሲደርቅ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚሄደው። ልጇ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር።

መጠርጠር ከጀመርን በኋላ ያላየነው ነገር የለም። ጀሪካኗ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ጠርሙሱን በጨርቅ የምትወለውለው ምን ልትደብቅ ነው? ስንመጣ ልጇን ወደ ጓዳ የምትልካት ለምንድን ነው? ስንት ዓመት ስናየው የኖርነው ግቢ ሌላ መልክ ያዘ። ዴስካችን ላይ እንኳ የልጅቷን እጅ በስርቆት አይ ነበር፤ ምን እንደምፈልግበት ሳላውቀው።

ወንድሜ ማስረጃ ፈለገ። ቤንዚኑን በብርጭቆ ቀድቶ፣ ሳይከድን፣ ውጭ መስኮቱ ላይ አሳደረው። ጠዋት ብርጭቆው ሥር የውሃ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተቀምጠው ነበር።

«አየሽ?» አለኝ።

አየሁ። ክፍት ቤንዚን ሲተን እንደሚቀዘቅዝ፣ የቀዘቀዘ ነገር ላይ ደግሞ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ እንደሚቋጥር አሁን ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምራለሁ። ያን ጠዋት ግን ለእኛ ውሃው የእሷ ነበር።

ወንድሜ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ነገረው። ለሌላ መንገር አላስፈለገውም። ሳምንቱ ሳያልቅ ሴትዮዋ በር ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች የሚያነሣቸው ጠፋ። ልጇ ደብተሮቿን ሰብስባ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ከሞተሩ ጋር ስንታገል ሴትዮዋ መጣች። በእጇ አንድ ጠርሙስ ይዛለች። ልጇ ትከተላታለች፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ነገር የሸተታቸው ሾፌሮች።

«አንተ ተማሪ!» አለችው። «ስሜን በሰው ፊት አጥፍተሃል፤ በሰው ፊት አጥራልኝ። ይኸው ቤንዚኔ። አስነሣው!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እንዲያው…»

«አስነሣው አልኩህ!»

ቀዳው፣ ዘይቱን ቀላቀለ፣ ፕሮፔለሩን መታው። ሞተሯ ተነሣች፣ አሳለች፣ ጠፋች።

«ጉንፋን ይዟታል» አለ አንዱ ሾፌር።

«ውሃ አጠጥተዋት ነዋ!» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

የሴትዮዋ እጅ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዶ ያዘ። የእሷና የልጇ እንጀራ በዚያች ቡጢ በምታህል ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ያኔ ልጇ ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች። «እስኪ ከሌላ ሰው ቀድታችሁ ሞክሩት። የምታምኑት ሰው የለም?»

ሾፌሮቹ ተያዩ። አንዱ ደብረ ታቦር ማደያ ያስሞላውን ከባጃጁ ቀድቶ አመጣ። «ይኼ እንኳ አይታማም» አለ ለወንድሜ ሲያቀብለው። ሞተሯ ተነሣች፣ አሳለች፣ ጠፋች። ያው ጭስ፣ ያው ርጥብ ካንዴላ። የሚስቅ ጠፋ።

ወንድሜ ፊቱ በላብ ርሶ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። እንዳይነካው የተባለውን ብሎን በጥቂቱ አጠበቀና መታው። ሳሏ ቀነሰ። አሁንም ጥቂት አጠበቀ። መንተክተኩ ቀረ፤ ድምፁ እየጠራ፣ እየቀጠነ ሄዶ አንድ ወጥ ጩኸት ሆነ። ሞተሩን አጥፍቶ የሾፌሩን ቤንዚን ገለበጠ፤ የሴትዮዋን ሞላበት። እንደገና ሲያስነሣው እኔ አውሮፕላኑን አንሥቼ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቀናሁት፤ ነዳጁ በትክክል ካልደረሰው እንደዚያ ሲያዝ ነው የሚታወቀው። ድምፁ አልወረደም። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይነዝረኝ ነበር።

«አየሩ ነው» አለ ወንድሜ። «ባሕር ዳር ከእኛ ዝቅ ያለ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ያው ቤንዚን ይበዛበታል።»

«እና አየሩን ትተህ እኔን ከሰስክ?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

አውሮፕላኑ በረረ። ደረቁን ሣር እየቆረጠ ሮጦ ተነሣ፤ ክንፉ ፀሐይ ሲመታው ብልጭ እያለ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ዞረ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሜዳው ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ አንጋጦ ሲያይ እኔ ዓይኔን ወደ ልጅቷ ሰረቅሁ። እሷም አንጋጣለች፤ ጉንጯ ግን ርሷል።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሾፌሮቹ ወደ ሴትዮዋ በር ተመለሱ። ግን አሁን ጠርሙሱን ሲቀበሉ ወደ ፀሐይ ያነሡታል፤ አገላብጠው ሥሩን ያዩታል። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሞተሩን ያዳነው ትንሽ የብሎን ማጥበቅ ነው። ለሰዎቹ ዓይን ግን እንዲህ ያለ ብሎን አልነበረም። ቆይታ እሷ ራሷ፣ ገዢው እጁን ሳይዘረጋ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ማሳየት ጀመረች። ወንድሜ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲሄድ ለእሱም አሳየችው። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። አውሮፕላኑን በካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተተው፤ በዚያ እረፍት አላወጣውም።

ልጅቷ ወደ ዴስካችን ተመለሰች። ቦርሳዋን ግን መሐላችን ታስቀምጠው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እናትና ልጅ ከሰፈራችን ለቀው ሄዱ።

«ይህን ማሳየት ማን አስለመዳችሁ?» አልኳት የአርብ ገበያዋን ሻጭ፣ እጇ ገና ከፍ እንዳለ።

«ከንፋስ መውጫ የመጣች አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሳይጠይቋት የምታሳይ። እሷ እያሳየች እኛ ዝም ብንል ማን ይገዛናል?»

«አሁን የት አለች?»

«አረፈች እኮ። ልጇ መጥታ ነው ያስቀበረቻት።» ጠርሙሱን ወደ እኔ አስጠጋችው። «ይዩት እንጂ፣ ቲቸር!»

«አይቻለሁ» አልኳት።

ዓይኔ መሬት ላይ ነበር።