የልጅ ልጄ ላብ

ቀበና ሰፈራችን ውስጥ አራስ የማረስ ነገር ከተነሣ ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም። አራት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ኮተቤ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በዚህ ላይ ሲከራከሩኝ አልወድም። የመጨረሻዋ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ ወጋችን እኔ ቤት መጥታ ታረሰች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናትም ልጅም በእኔ ሥር ናቸው ማለት ነው። ባሏ እንኳ ሕፃኗን ለማቀፍ እኔን ያስፈቅድ ነበር።

ሕፃኗ ወር ሲሞላት፣ ጡት ስትጠባ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ማለት ጀመረ። ትንሽ ትጠባና ትለቃለች፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሳትጠግብ ይደክማትና እንቅልፍ ይወስዳታል።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያልባት?» አለችኝ ልጄ።

«ካንቺ ነዋ! አጥሚቱን እንደ ፈላ ትጠጪዋለሽ፤ ወተቱ ይሞቃል። ወተቱ ከሞቀ ልጅቷ ምን ታድርግ?»

ሳይንስ አስተማርኩ ያልኩት እኔው ነኝ እንግዲህ። ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶችም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዷማ የእህቷ ልጅም እንደዚሁ ሆኖ እንደነበር መሰከረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአራሷ አጥሚት መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባንድ አፍታ ያቀዘቅዘዋል። የበረደ አጥሚት ይረጋል፤ ማንኪያ ያቆማል። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ትውጠዋለች። ላቡ አልቀነሰም። እኔም «ገና ነው፣ የበፊቱ ሙቀት አልወጣላትም» እያልኩ ሁለት ሳምንት ገፋሁ።

ልጄ አንድ ሁለቴ «ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» ብላ ነበር። «አራስ ወጥታ ብርድ ይምታት? ክትባቷ ሲደርስ ትታያለች» አልኩና ነገሩን ቋጨሁት።

የክትባቷ ቀን ሦስታችንም ሄድን። ነርሷ ገና ወጣት ናት፤ ልጄን ትታ ከእኔ ጋር ነው የምታወራው። ሕፃኗን መዘነቻት፤ ኪሎዋ ከተወለደችበት እምብዛም ፈቅ አላለም። ከዚያ ልጄን እዚያው እንድታጠባ አደረገቻትና የሕፃኗን ደረት ገለጥ አደረገች።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ስርጉድ ይላል አይደል? ደግሞ ትጠባና ታርፋለች። ግንባሯንም ያዩታል። ለሕፃን ልጅ መጥባት ትልቅ ሥራ ነው፤ ልቧ ሲደክም ያልባታል።»

«አጥሚቱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እናት የፈላም ብትጠጣ የቀዘቀዘም፣ የወተቱ ሙቀት ያው ነው» አለች ፈገግ ብላ። ማዳመጫውን የሕፃኗ ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከልብ ምቷ መሀል ሹ የሚል ድምፅ እንዳለ ነገረችንና ሆስፒታል ላከችን።

ሆስፒታል በአልትራሳውንድ አዩዋት። የልቧን የታችኛውን ክፍል ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ሐኪሙ «በጣም ትልቅ አይደለችም፤ ግን ችላ የምትባልም አይደለችም» አለን። እንደዚህ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ልጅ ሲያድግ በራሱ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ቀዶ ሕክምና አለ። ሽሮፕ አዘዘላት፤ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ አጥቧት አለ። መጥባት እምቢ ካለች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ተኝታ ሳለ ትንፋሿ ከፈጠነ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብሎ አስጠነቀቀን።

ፈራሁ። ያቺን የምታክል ደረት በቢላ ስትከፈት ይታየኝ ጀመር። ለልጄ ግን ይቅርታ አላልኳትም፤ አልለመደብኝም። በምትኩ ትንፋሽ ቆጣሪ ሆንኩ። ሕፃኗ ስትተኛ ሰዓቴን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ደረቷ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እላለሁ። ጎረቤት «እግዜር ይማርልሽ» እያለ ሲገባ እጄን አነሣለሁ፤ ምርቃት እንኳ አስቁሜ አውቃለሁ። ቄሱ ክርስትና ሲያነሷት ሁሉም አሜን ሲል እኔ በሆዴ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት እል ነበር።

ሽሮፑም ወተቱም ረዷት፤ ጉንጯ ሞላ፤ ላቡ ቀረ። በየቀጠሮው ቀዳዳዋ እየጠበበች ሄደች። ባለፈው ወር፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት፣ ሐኪሙ ስክሪኑን አይቶ «ተዘግታለች» አለ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

በማግስቱ እንጦጦ ወጣን። ልጅቷ በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ቀድማን ትሮጣለች፤ እኔና እናቷ ወደ ኋላ ቀርተናል። ያን ጊዜ ነው አፍ አውጥቼ የተናገርኩት።

«ሁለት ሳምንት ያዘገየኋት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ልጄ ቆመችና ሳቀች። «እማዬ፣ ያቺ ነርስ ገና እንዳየቻት ያን ሁሉ ያወቀች ይመስልሻል? ከክትባቱ በፊት በነበረው ቀን እድር ስትሄጂ ደብቄ ወስጃት ነበር። ሆስፒታል ሂጂ አለችኝ። ነገ እናቴን ይዣት ልምጣና አንቺው ንገሪልኝ፣ እኔን አትሰማኝም አልኳት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁሻ!» አለች፣ አሁንም እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። ገና ያልጠነከረች አራስ ልጇን በጋቢ ሸፍና ከገዛ እናቷ ቤት እንደ ሌባ ተደብቃ ስትወጣ ታየችኝ። ያኔ ልጄ የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ የልጇን ልብና የእኔን አፍ።