ልጅ ከመምጣቱ በፊት የተውኩት ክኒን

ዳንግላ የተዳርኩት በጃንሆይ ዘመን ነው። ጥርባ አጠገብ እናቴ ቤት ሳለሁ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ስለምውል ቀጭን ልጅ ነበርኩ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወገን የመጣ፣ እኔ አፌን የፈታሁበትን አዊኛ ጨርሶ የማይሰማ ሰው። እሱ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲያንቀሳቅስ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አማቴ ደግሞ ከጓዳ ሆነው ሲያቀርቡ ይውላሉ፤ ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ ቂጣ በቅቤ፣ ማር ሲገኝ ማር። "ብዪ እንጂ፣ እናትሽ ልጄን አስራብሻት እንዳትለኝ" ይሉኛል። እበላለሁ። ብዙም ሳይቆይ የሰርጌ ቀሚስ ከትከሻዬ አልወርድ አለ።

ያን ጊዜ ውፍረት ነውር አልነበረም። ሰው ሲያየኝ "ትዳሩ ተስማማት" ይላል፤ ባሌም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የወር አበባዬ መጀመሪያ ተዛባ፣ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ልጅም አልመጣም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከኋላዬ የቆመች ሴት ለጓደኛዋ "ስቡ ማህፀኗን ሸፈነው እኮ" ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየኋትም። የገዛሁትን ጎመን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መቅጠን ብቻ ሆነ ሐሳቤ።

ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የአንድ ሹም ባለቤት ባሌ ዘንድ ቀሚስ ያሰፉ ነበር። በመጡ ቁጥር ባሌ በሜትር ወገባቸውን ሲለካ የቀድሞው ልክ ይሰፋቸዋል። አንድ ቀን ባሌ ጨርቅ ሊያወጣ ወደ ውስጥ ሲገባ ጠብቄ፣

"እመቤቴ፣ እንዴት አድርገው ነው የቀጠኑት?" አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡና "በዚህ ነው። ሐኪም ነው የሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ብቻ" አሉኝ። ጠርሙሱ ውስጥ ከነበረው ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ክኒኗ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የመጀመሪያዋን የዋጥኩ ዕለት የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምሳ ቀረበ። ምግቡን አየሁት፤ ድንጋይ ያየሁ ያህል ነው። የድንቹ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ያ ሁሉ ሰውነት፣ ያ ሁሉ የመብላት ፍላጎት ለዚያች ቅንጣት ታዘዘ። ቤቱን ጠረግኩ፤ የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ፤ የአማቴን ጋቢ አጠብኩ፤ ከጎረቤት ጋር ቆሜ ያለፋታ አወራሁ።

"ምን ሆነሽ ነው? አፍሽ ከስፌት መኪናዬ ፈጠነ እኮ" አለኝ ባሌ።

ልብሶቼ ላላ ማለት ጀመሩ። እንቅልፍ ግን ራቀኝ፤ አፌ ይደርቃል፣ ልቤም ዝም ብዬ በተቀመጥኩበት ይሮጣል። ክኒኑ ሳያልቅ የወር አበባዬ ተመለሰ። ጓዳ ብቻዬን ቆሜ፣ ሞቷል ካልኩት ሰው ድንገት ወሬ እንደደረሰኝ ሆንኩ። መድኃኒቱ ሰውነቴን ከፈተልኝ ብዬ የቀረውን ክኒን እንደ ክታብ በመቀነቴ ቋጥሬ ያዝኩት።

አንድ ረፋድ ላይ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ምድር ዞረብኝ። እንስራው ተሰበረ፤ እኔም ወደቅኩ። ጎረቤቶች አንስተውኝ ባሌና አማቴ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። እዚያ ጎንደር ተምራ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ የደም ስሬን ካዳመጠች በኋላ፣

"ምን መድኃኒት ወስደሻል?" አለችኝ።

ከመቀነቴ ፈትቼ አሳየኋት። ክኒኗን አገላብጣ አየችና ከማን እንዳገኘሁት፣ ስወስደው ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ባሌንና አማቴን በትህትና ወደ ውጭ ሸኘችና በሩን ዘጋች።

"የወር አበባሽስ?"

"ጠፍቶ ነበር። አሁን መጣ።"

"ልጅ ትፈልጊያለሽ?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ "አልወለድሽም?" ይለኛል እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እንባዬ ቀደመኝ። "እፈልጋለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው ስሚኝ" አለች ወንበሯን አስጠግታ። "ይሄ ረሃብን የሚያስረሳ ክኒን ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሥጋሽ ሲቀንስ ማህፀንሽ ሥራውን እንደገና ጀምሯል፤ ስለዚህ ሳታስቢው ልትጸንሺ ትችያለሽ። ክኒኑ ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅን ምን እንደሚያደርገው በደንብ አይታወቅም። የማይታወቅ ነገር ለልጅ አንሰጥም። ልጁ ከመምጣቱ በፊት መድኃኒቱ ከሰውነትሽ ይውጣ።"

"መልሼ ብወፍርስ?"

"ትንሽ ትመልሺ ይሆናል። እየበላሽ፣ እየተራመድሽ ቀስ ብለሽ ትቀንሻለሽ። ክኒኑን ስትተዪ ይርብሻል፣ እንቅልፍም ይጥልሻል፤ አትደንግጪ።" ከዚያ ባሌን ጠርታ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። "ሁዳዴ ሊገባ ነው። በጾሙ መኝታ ለዩ። ከፋሲካ በኋላ፣ እሷ ስትጠነክር፣ ያን ጊዜ ልጁን አስቡት።"

ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና "ሲስተር፣ ልጅ እንደዚህ ይታሰባል?" አላት።

"ይታሰባል" አለችው። "መስጠቱ የእግዜር ነው። ቤቱን ማሰናዳት ግን የእናንተ ነው።"

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያሰላስሉ ነበር። "ልጅ በቀጠሮ!" ይላሉ፤ ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፤ "እኔ ስድስት ስወልድ አንዱም እንኳ እመጣለሁ ብሎ አልነገረኝ" ይላሉ። አላፌዙም። ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

የቀረውን ክኒን ለሹሙ ባለቤት መለስኩላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ።

"ልጅ እንደምትፈልጊ መች ነገርሽኝ? እኔኮ መውለድ ያበቃሁ ሴት ነኝ፤ ጭራሽ አላሰብኩትም" አሉ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። "የኔም ልብ ይሮጣል። ሲስተር ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" ወሰድኳቸው።

ክኒኑን እንደተውኩ ረሃቡ ሲስተር እንዳለችው መጣ። ተቀምጬ እተኛለሁ፤ ስነቃ ሽሮ ሽሮ ይለኛል። ባሌ መደብ ላይ ተለይቶ ይተኛል። አመሻሽ ላይ ሥራውን አጥፎ "ነይ እንራመድ" ይለኛል። ባልና ሚስት ያለ ጉዳይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ዳንግላ አይታ አታውቅም። ሰዎች ከደጃቸው ወጥተው "ምነው? ማን አረፈ?" ብለው ይጠይቁናል። ባሌ "ማንም" ይላል፤ እንቀጥላለን። ስላልመጣ ልጅ እናወራለን። ባሌ ያን ያህል ቃል እንዳለው እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናቡ ጣሪያችንን ቀንና ሌት ሲደበድብ፣ የወር አበባዬ ቀረ። ይህኛው መቅረት ግን ሌላ ነበር። የጎመን ሽታ አስጠላኝ፤ ጡቴ ከበደኝ። ሲስተር መርምራ "ጸንሰሻል" አለችኝ።

መስከረም አልፎ መንገዱ ሲደርቅ እናቴ ከጥርባ ልትጠይቀኝ መጣች። አማርኛ ብዙም አትችልም። ለምርመራ ስሄድ አብራኝ ሄደች። ሲስተር ከእንጨት የተጠረበ አጭር መለከት የመሰለ ነገር አወጣችና ሰፊውን አፉን ሆዴ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ፈገግ ብላ እናቴን በእጇ ጠራቻት።

እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገልጣ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ፊቷ አልተለወጠም። ቀጥሎ ትንፋሿን ያዘች። እኛ አገር ፈረስ የሌለበት በዓል የለም፤ ሕፃን ሆነን እንኳ ግልቢያን ከሩቅ በድምፁ እናውቃለን። እናቴ ቀና ሳትል በአዊኛ፣

"ማን ነው የሚጋልበው?" አለችኝ።

ለሲስተር ተረጎምኩላት። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። ባሌ ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ተንበረከከ። ያን ያህል ጊዜ ተንበርክኮ የሚቆየው ለጸሎት ብቻ ነው። ያንን ድምፅ እኔ ብቻ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ የገዛ ሆዴ ላይ አይደርስም። የሦስቱን ፊት እያየሁ ነው ልጄን ያወቅኳት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ወለድኳት፤ ሲስተር እጅ ላይ። ሴት ነበረች። ያ እንደ ልብስ አውልቄ ልጥለው የፈለግኩት ሰውነት ሰው ሠርቶ፣ ጥፍር ሳይቀር አብቅቶ አወጣ። ሲስተር ብዙ አዋልዳለች፤ ቢሆንም አጥባ ጠቅልላ ከመስጠቷ በፊት ልጅቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ስታያት ቆየች።

ቀጭን አልሆንኩም። ሰውነቴ ከዚያም በኋላ ሲወርድ ሲወጣ ኖሯል። ልጄ ድክ ድክ ስትል አንድ ምሽት ከባሌ ጋር እየተራመድን ሳለን ቆም አለና፣

"ለእህቷ ወይ ለወንድሟስ ምን እናሰናዳ?" አለኝ።

እዚያው መንገድ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን መከርን።