ስክሪኑ ላይ የተዘቀዘቀ ነጠላ

ከትውልድ መንደሬ ከገሳይ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ማታውን ግን ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልነበረም። እናቴ በሶውን ትቋጥራለች፣ መልሳ ትፈታለች፣ ጨው ትጨምራለች። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ስማር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የጠየቁኝን ያንኑ ይጠይቁኛል፤ እኮ ሥራሽ ምንድን ነው? በኮምፒውተር ላይ ሥዕል እንዲታይ ማድረግ ነው ብላቸው፣ «ሥዕልማ ቤተ ክርስቲያናችንም አለ፤ ለዚህ ብለሽ ነው አገር የምትለቂ?» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፣ ጨንቋቸው ነው። ጉልበታቸውን ስሜ መርቀውኝ ሲያበቁ፣ ሲሳካልሽ ምን እንደሆነ ታስረጂኛለሽ አሉኝ።

ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ከርሜያለሁ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ ኔትወርኩም እንደዚያው። ቀድማኝ የሄደች የክፍሌ ልጅ ካምፓላ ሥራ አለልሽ ስትለኝ አላመነታሁም። እኔ ስደርስ ግን እሷ ወደ ሌላ አገር አልፋ ነበር።

በአውቶቡስ ናይሮቢ፣ ከዚያ ኡጋንዳ ድንበር። የድንበሩ ሹም ፓስፖርቴን እያገላበጠ ምን ልትሠሪ ነው አለኝ። ሥዕል ኮምፒውተር ላይ አሳያለሁ አልኩት፤ ሌላ መልስ መቼም አይመጣልኝ። ሲኒማ ቤት ነው? አይደለም። ታዲያ ሥዕሉ ካለ በራሱ አይታይም እንዴ? ብሎ ጓደኛውን ጠራና ሁለቱም ሳቁብኝ። ማኅተሙን ግን መታልኝ። አባቴና ይህ ሰው ቢገናኙ ይግባቡ ነበር ብዬ እያሰብኩ ተሻገርኩ።

ካምፓላ ላብ ነው። ዝናቡ እንኳ ይሞቃል። የእኛን ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ገብስ ማሳ ዳር የሚቆምበትን ብርድ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ አላቸው፤ ሳያዩት ቢበሉት ድንች ነው፣ እያዩ ግን አይወርድም። በርበሬ ያመስኩ ዕለት አከራዬ እሳት የተነሣ መስሏት ባልዲ ውኃ ይዛ መጣች። ያከራየችኝም ጠያቂ ይበዛብሻል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነው። የማውቀው ሰው የለም ስላት፣ ጥሩ ተከራይ ነሽ አለችኝና ቁልፉን ሰጠችኝ።

ሥራው ልብስ ለሚሸጡ ሱቆች ፕሮግራም መሥራት ነው። ሸማቹ ፎቶግራፉን ያስገባል፣ የፈለገውን ልብስ ይመርጣል፣ ለብሶት ራሱን ስክሪን ላይ ያያል። አለቃዬ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ደንበኛ አግኝቶ የነጠላውን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ይህን ከሠራሽ ትቀጥሪያለሽ፣ ካልሆነ የመኖሪያ ፈቃድሽን አላሳድስም አለኝ። የጥለቱ ሥዕል ከጥልፍ ማሽን የመጣ ቬክተር ነበር። ቬክተር እንደ ፎቶ የነጥብ ክምችት አይደለም፤ ከዚህ ተነሥተህ እዚያ ድረስ አስምር፣ እዚህ ላይ እጠፍ፣ ቀይ ሙላበት የሚል ትእዛዝ ነው። እንዲታይ በተፈለገው መጠን ልክ መጀመሪያ እንደ ፎቶ ወዳለ የነጥብ ምስል መለወጥ አለበት። አሳንሰው ለውጠው በኋላ ቢለጥጡት ጥለቱ እንደ ታጠበ ቀለም ይደበዝዛል። እኔም ስንት ቀን ከዚህ ድብዘዛ ጋር ስታገል ከረምኩ።

በዚህ መካከል አባቴን በስልክ ማግኘት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ፣ አባባ ጣራ ገዳም ሱባኤ ገብተዋል፣ ስልክ አይዙም ይለኛል። መልሼ ስደውል ሱባኤው አላለቀም። ሲከፋኝ፣ ለእኔ እየጸለዩ ነው እያልኩ እጽናናለሁ።

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ለፓስፖርት እንደተነሣሁት ኮስተር ያልኩበትን የራሴን የሙሉ ቁመት ፎቶ አስገባሁ፣ ነጠላው ላዬ ላይ መጣ፣ ጥለቱ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቷል። እንደ ዕብድ ብቻዬን ሳቅሁ። ለይርጋ ምስሉን ላክሁለት። ጽሑፍ አልጨመርኩበትም፤ አባቴ ሲመለሱ ደውዬ ራሴ ላስረዳቸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ «እታለም፣ ማን ነገረሽ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ስለ ሥራው መስሎኝ፣ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴው ደረስኩበት አልኩት። ትንሽ ቆየና እንዲህ አለኝ፤ «እኛም እስካሁን ነጠላችንን እንደዘቀዘቅን ነን። አርባቸውን አንቺ ሳትሰሚ አወጣን፤ ይቅር በይን።»

ምስሉን መልሼ ከፈትኩት። ጥለቱ ከእግሬ በኩል መሆን ሲገባው አንገቴ ሥር ነው። የጥልፍ ማሽኑ የሥዕሉን መሥመር ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል፣ ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች፤ እኔ ሳላገላብጠው ነጠላው ተዘቅዝቆ ወጥቷል። ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚለብስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቅ ሰው፣ ስለ ክሩ ጥራት ስጨነቅ ውዬ ይህን አላየሁም። ወንድሜ አየው። ሰምታ፣ ብቻዋን ሐዘን ተቀምጣ፣ ይኸው አውቄያለሁ ስትል ላከችልን ብሎ ነው ያሰበው።

ደወልኩ። እናቴ አነሣችው። አባትሽ ሁዳዴ ሳይያዝ ነው ያረፉት አለችኝ። መርዶ በስልክ አይሆንም ብለው፣ በሱባኤ እያሳበቡ፣ ካምፓላ ሄዶ የሚያረዳኝ የአገር ሰው ሲያፈላልጉ ነው የቆዩት። አባቴ ሥራዬ ሳይገባቸው ሄዱ። ብቻዬን ማልቀስ አላውቅበትም፤ እቤታችን ቢሆን ኖሮ የሚያስለቅሰኝ ሰው አይጠፋም ነበር።

«አሁን ከአጠገብሽ ማን አለ?» አለችኝ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋዬና ኮምፒውተሩ ናቸው ያሉት። «ሰው ሞልቷል እማዬ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል» አልኳት።

«እግዜር ይስጣቸው። እስቲ አንዷን አቅርቢልኝ፣ ላመስግናት።»

«አማርኛ አይሰሙም እኮ።»

 ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ልጄ፣ በምን ቋንቋ አጽናኑሽ?» አለችኝ።