ገና ለሚተነፍስ ሰው መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሜላት ደወለችልኝ። ኮሌጅ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ደህና ዋልሽ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ፣ "ትጊ፣ ሁለት ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ፣ አንዱን ምረጪልኝ" አለችኝ። አንደኛው የልምምድ ሥራ መሀል ከተማ ያለ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ይከፍላል፣ ስሙም ያኮራል። ሁለተኛው የስደተኛ ልጆችን የሚያስጠና ትንሽ ድርጅት ነው፤ ሳንቲም አይከፍልም። "አባዬን ብጠይቀው፣ 'አክስትሽን ጠይቂ፣ እሷ የነፃ ሥራ ፕሮፌሰር ናት' ብሎ ሳቀብኝ።"

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፣ የጣድኩት ምስር እስኪያር። ነገ እደውልልሻለሁ ያልኳት መልስ አጥቼ አልነበረም። መልሴ በአንድ ሰው ሞት በኩል አድርጎ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከየት እንደምጀምርላት ግራ ገብቶኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በበጋ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከወንድሜ ከዳዊት፣ ከሜላት አባት ጋር፣ አትላንታ ዳር ኢስት ፖይንት እንኖራለን፤ እሱ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እኔ ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ቀን እማራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ነው፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። እዚህ መጥቼ የሁለተኛ ደረጃን የሚተካውን ፈተና አለፍኩና ኮሌጅ ገባሁ። ለመመረቅ አንድ በጋ ኢንተርንሺፕ መሥራት ግዴታ ነበር።

ዳዊት ወዲያው አገኘልኝ። ዶራቪል የታክስ ቢሮ ያለው የሚያውቀው ሐበሻ ነበር። "ይከፍላል፣ ኤሲ አለው፣ ጎበዝ ከሆንሽ ያስቀርሻል" አለኝ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሆስፒታል ማስታወቂያ አይቼ ነበር፤ ከበሽተኛ ቤተሰብ ጋር የሚቀመጥ ተማሪ ይፈልጋሉ፣ ክፍያ የለውም።

"በነፃ?" አለ ዳዊት፣ ማንኪያውን አስቀምጦ። "አንቺ ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ በነፃ የሚሠራው ልብ ብቻ ነው። እሱም ቀጥ ሲል ቢል ይልካል።"

ሆስፒታሉን የመረጥኩት አስቤበት አልነበረም። ያነጋገረችኝ ኃላፊ ሚስ ዶሪን ናት፤ ድምፀ ወፍራም፣ ግዙፍ ጥቁር አሜሪካዊት። ስለ ውጤቴ አልጠየቀችኝም። "ሰው ፊትሽ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። "አብሬ አለቅሳለሁ" አልኳት። እኛ አገር ሌላ ምን ይደረጋል? እስኪያንቃት ሳቀችና "እሱን እናስተካክለዋለን፣ ሰኞ ነይ" አለችኝ። የታክሱ ሰውዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ምርጫዬ ይኸው ነበር።

ሥራው ስም የለውም ማለት ይቻላል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አጠገብ ባለው መጠበቂያ ውስጥ ከቤተሰብ ጋር መቀመጥ ነው። ውሃ ማምጣት፣ ብርድ ልብስ መፈለግ፣ መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ የጠፋበትን ሰው ይዞ መዞር። ሕጉም ጥቂት ነበር፤ አታስተርጉሚ፣ ስለ በሽታው አታውሪ፣ ከቤተሰብ ጋር ከግቢ አትውጪ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠላሁት። ሰው እጄን ይዞ ያለቅሳል፣ በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኛለሁ። ምን ጠቀምኩ እላለሁ። የምሠራው ነገር አይታይም፣ አይቆጠርም።

ያ ሞት የመጣበት ቀን ፍልሰታ ጾም ላይ ነበር የዋለው። አትላንታ በነሐሴ እንዴት እንደሆነች የኖረባት ያውቃል፤ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ይወርዳል። ሽሮ ፍትፍት በሣህን ይዤ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሚስ ዶሪን ሽታውን ታውቀዋለች፤ "ያቺ ቡናማ ነገር ዛሬም መጣች?" ትለኛለች።

ረፋዱ ላይ አንድ የእኛ ሰው መጠበቂያው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ጠና ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበበና "ትዕግስት? ሐበሻ ነሽ? አንቺንስ እግዚአብሔር ነው የላከልኝ" አለኝ። ጋሽ ታደለ ይባላል። የእህቱ ባል አቶ ሰይፉ፣ ሹፌር ነው፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። እህቱ ወይዘሮ ስንዱ ዶራቪል አጠገብ የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፣ ባሏ ሳይነቃ ነው ወደ ሥራ የወጣችው።

ውሃ አምጥቼለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። "ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ስንዱ ቤት፣ ስቶን ማውንቴን" ይላል። "ቄሱን አንተ ይዘህ ና። ሴቶቹ ጎረቤት ይሰብሰቡ። መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ እንዳትጠረጥር። ድንገት ድው እንዳትል የሚደግፋት ይኑር፣ ውሃም ያዙ።"

መርዶ ነው የሚያዘጋጀው። ስልኩን ሲያወርድ ተነስቼ "ነፍስ ይማር ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አልኩት።

"አይ፣ ገና ነው" አለኝ።

ገና ነው። ሰውየው በመስታወቱ ማዶ ተኝቷል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መርዶው ግን ቀጠሮ ተይዞለታል።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ከሚስ ዶሪን ጋር መጣ። ሳያለሳልስ ተናገረ፤ ማሽኑ እያስተነፈሰው ነው፣ ልቡ ግን እየደከመ ነው፣ ከዛሬ አያልፍም፣ ባለቤቱ አሁኑኑ ትምጣ። ጋሽ ታደለ ደህና እንግሊዝኛ ስለነበረው "እኔ እነግራታለሁ" ብሎ ደወለ። ወይዘሮ ስንዱ እረፍት ላይ ነበረች፣ አነሳች። ዶክተሩ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ እንዲያደርገው ነገረው።

"ስንድዬ" አለ ጋሽ ታደለ፣ ድምፁን አለሳልሶ። "ሰይፉን ትንሽ ራሱን አሞት ለምርመራ አስገብተነዋል። ዶክተሩ አጠገቤ ነው። ደህና ነው፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው ይላል። ጠያቂ ከልክለዋል። ዛሬ አትምጪ፣ ነገ ጠዋት እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"እውነትህን ነው? በእኔ ሞት?"

"በአንቺ ሞት። ሥራሽን ሥሪ።"

"ገባት?" አለ ዶክተሩ። "ገብቷታል፣ እየመጣች ነው" አለ ጋሽ ታደለ በእንግሊዝኛ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ከእሱና ከእኔ በቀር አልነበረም። አታስተርጉሚ ተብያለሁ።

"ጋሼ፣ ዶክተሩ እንደሱ አላለም እኮ" አልኩት ቀስ ብዬ።

ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ብስጭቱ የመጣው በኋላ ነው። "ልጄ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ? እናታችን የሞተች ጊዜ አንድ የማያውቅ ሰው ለስንዱ በስልክ ነግሯት፣ ሃይዌይ ላይ ነበረች፣ ከግንብ ጋር ተላትማ ሦስት ወር ተኝታለች። ደግሜ ልግደላት? ሰይፉ እንደሆነ አይሰማ፣ አይለማ።"

"እኔ ላምጣት? ወይም እርስዎ ሄደው ያምጧት።"

"በምን ፊቴ? ገና ስታየኝ ታውቃለች። ወንድም ለእህቱ ብቻውን መርዶ አይናገርም፣ በቀትር፣ ፋብሪካ ደጅ ላይ። ነውር ነው። እረፊ ብየሻለሁ!"

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ እላለሁ። ያደገበት ደግነት እንደዚያ ነበር፤ ሐዘንን በብዙ ትከሻ ላይ ማከፋፈል። ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጉ ልማዳችን የተሠራው ለሞተ ሰው ነው። ሰይፉ ደግሞ አልሞተም።

ለሚስ ዶሪን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ፣ በስልክ የሚያስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ አስፈልጋ ለወይዘሮ ስንዱ ደወለች። ግን እረፍቱ አልቆ ነበር፤ እዚያ ፋብሪካ ሠራተኛው ሲገባ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል። የቢሮው ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። "እኔ ልሂድ" አልኳት። "አይሆንም" አለችኝ። "ተማሪ ነሽ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኑ ማን ይጠየቃል? ሕጉ የሚለው ፖሊስ ወደ ቤቷ ይሂድ ነው፣ እሱን እጠይቃለሁ።" ወደ ቤቷ! እሷ እኮ ሥራ ላይ ናት። ሕጉ ልክ ነበር፣ ሚስ ዶሪንም ልክ ነበረች። መታወቂያዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድኩ።

ፋብሪካው በር ላይ ሙቀቱና የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አለቃውን ለምኜ አስጠራኋት። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት፣ ፀጉሯ በመረብ ተሸፍኖ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ፊቴን አላየችም፣ ደረቴ ላይ ያለውን የሆስፒታል መታወቂያ ነው ያየችው።

"ሞተ?" አለችኝ።

"አልሞተም እማማ። ግን ዶክተሩ ዛሬን አያልፍም ብሏል። አሁን ከመጡ ይደርሱበታል።"

"ታደለ ደህና ነው ብሎኛል እኮ። በእኔ ሞት ብሎ።"

"ጋሼ ፈርተውልዎት ነው።"

ትጮሃለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልጮኸችም። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈችው፣ ለአለቃው ሰጠችው። መኪና ውስጥ ገብተን ሃይዌዩ ላይ ከወጣን በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ መኪናው ሁሉ መዳህ ጀመረ። እኔ መሪውን አንቄ ይዤ ውስጤ ይጸልያል። ያኔ ነው አንዴ ብቻ የተናገረችው።

"ጫማውን አውልቀውለታል?"

"አላየሁም እማማ።"

"እግሩ ሲታፈን አይወድም" አለች።

ስንደርስ ወንድሟን አልፋው ገባች። ፊቱን ከማየቷ በፊት ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጠች፣ ያጠለቁለትን ወፍራም ካልሲ አወለቀች፣ እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ትልቅ ነገር አልነበረም። ጎረቤቱ ሣሩን እንዳላጨደ፣ የኩሽናው ቧንቧ አሁንም እንደሚያንጠባጥብ፣ ጾሙ ሲፈታ ምን ልትሠራለት እንዳሰበች። አልፎ አልፎ "ሰማኸኝ?" ትለዋለች። ዝናቡ ሳያባራ ሰይፉ ሞተ። እጇ እግሩ ላይ ነበር።

ያኔ ጮኸች። ፎቁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሴኪውሪቲ እየሮጠ መጣ። ሚስ ዶሪን በሩ ላይ ተገትራ "ማንም አይገባም፣ ይውጣላት" አለቻቸው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እሱን አላስተካከሉልኝም።

በማግስቱ ሚስ ዶሪን ጠርታኝ ኢንተርንሺፑ እንዳበቃ ነገረችኝ። ትእዛዙ ከላይ ነው፣ ቤተሰብ በመኪናዬ ጭኛለሁ። ስትነግረኝ ድምፀ ወፍራሟ ሴትዮ ድምፅ አጠራት። ዳዊት "በነፃ መሥራቱ ሳያንስ ተባረርሽ?" አለኝ፣ ከዚያ ግን ፊቴን አይቶ የቀዘቀዘ ሽሮዬን አሙቆ ሰጠኝ።

ሐዘን ቤቱ አብረን ሄድን። ወይዘሮ ስንዱ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ሳጎነብስ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ነጠላዋን ስባ ጭንቅላቷን አዞረች። ከኋላዬ አንዷ "ይቺ ናት በቀትር ያረዳቻት" ስትል ሰማሁ። ጋሽ ታደለ ወደ ውጭ ሸኘኝ። "አንቺ ልጅ፣ ክፋት የለብሽም፣ አውቃለሁ" አለኝ። "ግን ሁለተኛ አትምጪ። ስታይሽ ያማታል።"

ሁለቱም ቤት፣ የፈረንጁም የእኛም፣ በሩን ዘጋብኝ። ያን ዓመት አልተመረቅሁም። የታክሱ ሰውዬ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶት ነበር። በጣም ጨለመብኝ፣ ማስመሰል አያስፈልግም። በሚቀጥለው በጋ ግን እጄ ራሱ የጻፈው ማመልከቻ ለሌላ ሆስፒታል ነበር፣ ለዚያው ሥራ። ለምን እንደሆነ ያኔ ቢጠይቁኝ አልናገርም ነበር። ዛሬ ደሞዝ እየተከፈለኝ እንደዚያው ባለ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እወደዋለሁ የምለው ሥራ አይደለም። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ሰዋቸው ከሞተበት ቀን በኋላ ፊቴን ማየት አይፈልጉም፣ አልፈርድባቸውም። ወይዘሮ ስንዱን አሁንም አንዳንዴ ዶራቪል ገበያ ውስጥ አያታለሁ። ጋሪዋን አዙራ በሌላ መደርደሪያ ታልፋለች። እኔም እስክታልፍ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ቲማቲም የምመርጥ መስዬ።

እሁድ ለሜላት ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፣ እሷ ደግሞ ማቋረጥ ልማዷ ነው።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ትጊ" አለችኝ በመጨረሻ። "እና እንደዚህ ዓይነቱን ነው ምረጪ የምትይኝ?"

"ምረጪ አላልኩሽም። ደስ የሚልሽን ፈልጊም አልልሽም፣ ደስታው ይመጣል ይሄዳል። ካንቺ በቀር የሚሰማ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ብትገቢ፣ ከሁለቱ ቦታ የትኛውን ጥለሽ መውጣት እንደሚያቅትሽ አስቢ። የሚከፍለውም ቦታ እንደዚያ ሊሆን ይችላል።"

ከጀርባዋ የአባቷ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"ሴትየዋስ?" አለች። "በኋላ ይቅር አለችሽ?"

"አላለችኝም።"

"ታዲያ ምን ዋጋ አለው?"

"ደርሳለች" አልኳት።