ልጄ ጎረቤቴ የሆነ ቀን

የበደለኝ ባዳ አይደለም፣ የገዛ ልጄ ከድር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በእኔ ስም በወጣው ቤት አብሮኝ ይኖራል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ጎረምሳ ሰብስቦ ስለ እናት ሐቅ ሲመክር ብትሰሙት ታለቅሳላችሁ። ዘንድሮ ሊያገባ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ነው።

ሰኞ ዕለት «እማ፣ ነይ በሽተኛ እንዘይር» አለኝ። በሽተኛ መጠየቅ አላህ ዘንድ አጅር አለውና ሻሼን አስሬ ተከተልኩት። ወስዶ ያስገባኝ ጎፋ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቢሮ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀት አወጣችና «የምንቀበለው ልጅ የሌላቸውን ብቻ ነው። እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችው።

ከድር መሬት መሬት እያየ «ጎረቤት ነኝ» አለ።

እኔ ሰው ፊት ልጄን የምለማመጥ ሴት አይደለሁም፤ ዋጥ አደረግኩት። ልጅቷ ተራ በተራ አየችንና «ትመሳሰላላችሁ ግን» አለች።

«ጎረቤት ሲቆይ ይመሳሰላል» አልኳት።

«ልጅ አልወለዱም እማማ?»

«አንድ ነበረኝ።»

«ነፍስ ይማር» አለች፣ አዝና። ከድርም አፉን ሞልቶ «አሚን» አለ።

አልጋ በሳምንቱ ይለቀቃል ተባልንና ወደ ቤት ተመለስን።

በማግስቱ ንጋት ላይ እሱ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ ሲሄድ፣ ፍራሹን ጎትቼ ኮሪደሩ ላይ አወጣሁት። ጎረቤት የሚያድረው በየቤቱ ነው። ጎረቤትም ሐቅ አለውና ቁርሱን ሳህን ላይ ከድኜ ፍራሹ ላይ አኖርኩለት፤ ከዚያ በሬን ቆለፍኩ።